«ቢስተካከል ጥሩ ነው» ማለት ግዴታ ነው ወይስ ምክር?

ኦፕን ሶርስ (ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮጀክቶች ላይ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ስህተት አለ። የሥነ ምግባር ደንብ የሚል ፋይል ሪፖው (የፕሮጀክቱ ፋይሎች ማስቀመጫ) ውስጥ ተቀምጧል፤ ረዘም ያለ ነው፤ አነጋገሩም ያምራል። ወደ መጨረሻው ግድም፣ በደል የደረሰበት ሰው ለማን አቤት እንደሚል የሚናገረው መስመር ላይ ሲደረስ ግን አድራሻ የለም። በአድራሻው ፋንታ በቅንፍ የተከበበ የእንግሊዝኛ ማሳሰቢያ አለ፦ የመገናኛ መንገድ እዚህ ይግባ ይላል። የገለበጠው ሰው አላነበበውም። ያጸደቀውም አላነበበውም።

የሚገለበጠው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቦታ ነው፤ ኮራላይን ኤዳ ኤምኪ እ.ኤ.አ. በ2014 ካረቀቀችው ኮንትሪቢውተር ኮቨናንት ከሚባለው ጽሑፍ። ምንጩ እስከተጠቀሰ ድረስ መገልበጡም መተርጎሙም የተፈቀደ ነውና ነውር የለበትም። የሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት) እንኳ በ2015 ያወጣትን አጭር «የግጭት ደንብ» ትቶ በሴፕቴምበር 2018 ወደዚሁ ጽሑፍ ተሻግሯል። የከርነሉ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ለዓመታት በኢሜይል ሲያወርደው ለኖረው ዘለፋ በይፋ ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ሳምንታት ዞር ያለው በዚያው ሰሞን ነው (በመሐል የቀረውን ሥራ ባልደረባው ግሬግ ክሮህ ሃርትማን ጨረሰለት)።

ጽሑፉ ጥሩ ነው። ችግሩ የተጻፈው ስድብ ስድብ መስሎ ለሚወጣበት ንግግር መሆኑ ነው። ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ተቀምጠው በአማርኛ ኢሹ (የችግር ወይም የሐሳብ ማስታወቂያ) ለሚከፍቱ፣ በአማርኛ ሪቪው ለሚደራረጉ (አንዱ የሌላውን ኮድ ለሚገመግም) ሰዎች ግማሹን ብቻ ነው የሚሸፍነው። የእኛ ሰው ሲናደድ ከመሳደብ ይልቅ ይተርታል፤ ከመተረት ይልቅ ደግሞ ዝም ይላል። ፕሮጀክት የሚገድለው በእኔ አስተያየት ሦስተኛው ነው።

ከአጠራሩ እንነሳ። ፑል ሪኩዌስት (ኮዴ ይግባልኝ የሚል ጥያቄ) የላከው ሰው ፕሮፋይሉ ላይ የጭላዳ ፎቶ ብቻ ነው ያለው። ወንድ ይሁን ሴት፣ የ19 ዓመት ተማሪ ይሁን ጡረታ የወጣ መምህር አይታወቅም። በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሪቪወር ይህ አያስጨንቀውም። በአማርኛ ግን ግሱ ራሱ ምርጫ ያስገድዳል፦ አስተካክል፣ አስተካክዪ፣ አስተካክሉ፣ ያስተካክሉ። ብዙ ሰው ሳያስበው «አስተካክል» ብሎ ይጽፋል፤ ኮዱን የጻፈችው ሴት ከሆነች በአንዲት ቃል ብቻ «እዚህ የሚጠበቀው ወንድ ነው» ተብሎ ተነግሯታል።

«እርስዎ» ጾታን ከመገመት ያድናል። አንቱታው ለታላቅ በሚጠበቅበት አገር ለማያውቁት ሰው እሱን መጠቀም አያሳፍርም። ግን አንድ ወጥመድ አለው። ሁለት እኩዮች ሲከራከሩ አንደኛው በድንገት ከአንተ ወደ እርስዎ ከተሻገረ አክብሮት ጨምሮ አይደለም፤ በሩን እየዘጋ ነው። ስለዚህ ደንቡ ላይ «ለማናውቀው ሰው እርስዎ፤ ሰውየው ራሱ አንተ ወይም አንቺ በሉኝ ካለ እንደ ፈቃዱ፤ በክርክር መሐል አጠራር አይቀየርም» ብሎ መጻፍ ይጠቅማል። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ሰውየውን ከዓረፍተ ነገሩ አውጥቶ ስለ ኮዱ መናገር ነው፦ «ይህ ፈንክሽን ባዶ ጽሑፍ ሲመጣለት ይወድቃል»። እዚህ ውስጥ አንተም አንቱም የለም።

አሁን ወደ ርዕሱ። አማርኛ ትእዛዝን የሚያለሰልስበት ውብ መንገድ አለው፦ ቢታይ፣ ቢስተካከል፣ ቢታሰብበት። ቤት ውስጥ ይህን የሰማ ሰው ትእዛዝ መሆኑን ከድምፁና ከፊቱ ያውቃል። ስክሪን ላይ ድምፅም ፊትም የለም። አንድ ቀን መቀየሪያ ፕሮግራም እንውሰድ፤ ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር የሚመልስ። ጸሐፊው ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ምንም ካልተረፈ ጳጉሜ 6 ቀን ትሆናለች ብሎ ጽፏል። ይህ የፈረንጁን ልማድ እንዳለ ማምጣት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜ 6 የምትሆነው ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ፣ ማለትም በዘመነ ሉቃስ ነው። 2011 እና 2015 እንዲህ ነበሩ። ሪቪወሩ ስህተቱን አይቶ «የጳጉሜ ነገር ቢታይ ጥሩ ነው» ብሎ ጻፈ። ላኪው ምክር መሰለውና «እሺ፣ በሚቀጥለው ቨርዥን» አለ። ሌላ ሜንቴነር (ፕሮጀክቱን የሚያስተዳድር ሰው) መርጅ አደረገው፤ ከዋናው ኮድ ጋር ቀላቀለው። ሪቪወሩ በበኩሉ ተነግሮት እንቢ ያለ ሰው አድርጎ ይዞታል። ማንም አልተሳደበም፤ ሁለቱ ሰዎች ግን ከዚያ በኋላ አብረው አይሠሩም።

ኮመንቱ እንዲህ ቢሆን ኖሮስ፦ «ግዴታ፦ ጳጉሜ 6 ቀን የምትሆነው ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ነው። መስመር 48 ላይ ያለው ቅድመ ሁኔታ 0 ይላል። 6/13/2015ን አስገብቶ መሞከር ይቻላል፤ አሁን ያለው ኮድ ቀኑን አይቀበለውም፤ ውጤቱ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 መሆን ነበረበት።» ቃሉ ጠንካራ ነው፤ ሆኖም ሰውየውን አይነካም፤ ምን እንደተሳሳተ፣ የት፣ በምን እንደሚረጋገጥ ተናግሯል። በአማርኛ ለሚሠራ ፕሮጀክት የምመክረው እያንዳንዱ ኮመንት ከሦስት ቃላት በአንዱ እንዲጀምር ነው፦ ግዴታ፣ ምክር፣ ጥያቄ። «ግዴታ» ያለበት ካልተስተካከለ መርጅ አይደረግም። «ምክር» ያለበትን ላኪው ያለ ማብራሪያ ሊተወው ይችላል። «ጥያቄ» መልስ ብቻ ይፈልጋል። ይህን ካደረጉ ትሕትናውን የፈለጉትን ያህል ማብዛት ይቻላል፤ ትርጉሙ አይጠፋም።

ለጀማሪ 40 ኮመንት በአንድ ጊዜ መላክም ሌላው ጥፋት ነው። ከ40ው ውስጥ 30ው ስለ ክፍት ቦታና ስለ ቅንፍ አቀማመጥ ይሆናል። ያንን ለማሽን መተው ነው፤ ለፓይተን ብላክ፣ ለጃቫስክሪፕት ፕሪቲየር አለ፤ ኮሚት ሲደረግ (ለውጡ ሲመዘገብ) በራሱ እንዲያስተካክል ማድረግ ይቻላል። ይህ ጊዜ ከመቆጠቡ በላይ በእኛ ዘንድ ሌላ ጥቅም አለው። መምህርና ተማሪው አንድ ሪፖ ላይ ሲሠሩ ተማሪው የመምህሩን ኮድ አይነካም፤ አንቱ የተባለ ሰው ስህተት በአደባባይ አይነገርማ። መምህሩም ቅር ላለመሰኘት ቃል ቢገባ እንኳ ተማሪው አያምነውም። ማሽኑ ግን ማንንም አንቱ አይልም። ሰው የሚናገረው ሎጂኩ ላይ ብቻ ሲሆን ደግሞ የመምህሩ ፑል ሪኩዌስት ሁልጊዜ ቢያንስ አንድ የእሱ ተማሪ ባልሆነ ሰው ይታይ የሚል ደንብ ማስገባት ይቻላል።

ዝምታውስ? ይሉኝታ ነው ምክንያቱ። አንድ ሰው ሦስት ሌሊት የለፋበትን ሥራ ይልካል፤ ሥራው ፕሮጀክቱ ከያዘው መንገድ ውጭ ነው፤ ሜንቴነሩ «አይሆንም» ማለት ከብዶት «አየዋለሁ» ይላል። ሁለት ወር ያልፋል። ላኪው ደጋግሞ እየገባ ያያል፤ ዳታውን የሚገዛው ከኪሱ ነው። በእኔ ሚዛን ይህ ከስድብ ይከፋል፤ የተሰደበ ሰው ቢያንስ ሥራው መታየቱን ያውቃል። በደንቡ ላይ ጊዜ ይጻፍ፦ በ7 ቀን ውስጥ የመጀመሪያ መልስ፣ መልሱ «ደርሶኛል፣ እስከ ዓርብ አየዋለሁ» ብቻ ቢሆንም። ዓርብ ካልተቻለ ዓርብ ይነገር። እምቢታው ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፦ ሥራው ምን እንደሆነ ገብቶኛል፤ በዚህ ምክንያት እዚህ አይገባም፤ በዚህ በኩል ቢቀጥል ይጠቅማል። «ምናልባት ወደፊት» የሚለውን ሐረግ እኔ ሙሉ በሙሉ እከለክለው ነበር።

ዝምታው ከላኪው በኩል ሲሆን ግን ፍርዱ ሌላ ነው። ጊትሃብ (ሪፖዎች የሚቀመጡበት ድረ ገጽ) ላይ የቆዩ ኢሹዎችን የሚዘጋ ሮቦት ማስገባት የተለመደ ነው፤ ማንም ካልነካካው ከ60 ቀን ዝምታ በኋላ ምልክት ያደርጋል፣ ከዚያ በ7 ቀን ይዘጋል። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ግድም ጀምሮ ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ እንዲህ ያለ ሮቦት ምን እንደሚሠራ ማሰብ ነው። ሰውየው ኔትወርክ አግኝቶ ሲገባ ሥራው «ፍላጎት ስለሌለ ተዘግቷል» ተብሎ ያገኘዋል። ማስተካከያው ቀላል ነው፤ ሮቦቱ የማይነካቸውን ሌብሎች (ኢሹ ላይ የሚለጠፉ መለያዎች) መለየት ይቻላልና «ኔትወርክ» የሚል ሌብል ፈጥሮ ከመዘጋት ነፃ ማድረግ። የሰውየውን ሥራ ሌላ ሰው እንዲጨርሰው ከተፈለገም በኮሚት መልእክቱ መጨረሻ፣ አንድ ባዶ መስመር ተዘልሎ፣ የመጀመሪያው ጸሐፊ በተባባሪ ጸሐፊነት ይጻፍ። ይህ ካልተደረገ የጨረሰው ሰው ስም ብቻ ይቀራል፤ የጀመረው ሰው ዓመቱን ሙሉ እሱን ሲያነሳ ይኖራል፤ እውነቱን ነው።

ወደ ተረቱ ልመለስ። የእንግሊዝኛ ደንቦች «ዘለፋና ስድብ» ይከለክላሉ፤ አንዳንድ ቡድን ደግሞ ክፉ ቃላትን በዝርዝር ይዞ የሚያጣራ ሮቦት ያስገባል። አሽሙርን ሮቦት አይዝም። አንድ ፊደል አራሚ ፕሮጀክት ላይ በቀላሉ ሊነሳ የሚችል ጭቅጭቅ ልውሰድ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በዛሬ አማርኛ አነባበባቸው አንድ ነው፤ በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ለፊደላት በሚጠቀሙበት የጋራ የቁጥር ሥርዓት) ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ ሰ እና ሠ ለኮምፒውተሩ እንደ በ እና ተ የተለያዩ ናቸው። አንዱ ፕሮግራመር ሁሉንም ወደ አንድ ልጠቅልል ይላል። ሌላው፣ ግእዝ የተማረ፣ ድኅነት መዳን ነው፣ ድህነት ማጣት ነው፤ ሠረቀ ወጣ ነው፣ ሰረቀ ሌባ ሆነ ነው ብሎ ይቃወማል። ሁለቱም በየራሳቸው በኩል ትክክል ናቸው። መፍትሔውም ረጅም አይደለም፦ ለፍለጋ የሚያገለግለው ኢንዴክስ ውስጥ ብቻ መጠቅለል፣ ተጠቃሚው የጻፈውን ጽሑፍ ግን እንዳለ ማስቀመጥ። ክርክሩ እዚህ ከመድረሱ በፊት ግን አንደኛው «ፊደል የቆጠረ ሰው እንዲህ አይልም» ይላል። ሌላው «የቆሎ ተማሪ ኮድ መጻፍ ጀመረ?» ይመልሳል። ከቃላቱ አንድም በክፉ ቃል ዝርዝር ውስጥ አይገኝም።

ስለዚህ ጠበቅ ያለ ሐሳብ አለኝ፤ ሁሉም አይስማማበትም። በሪቪው ውስጥ ተረትና ምሳሌ አይገባ። ቅኔ የምንወድ ሕዝብ መሆናችንን አውቃለሁ። ግን ሰምና ወርቅ ያለበትን ነገር የሚዳኝ ሰው የለም፤ ተናጋሪው ሁልጊዜ «እኔ ሰሙን ነው የተናገርኩት» ማለት ይችላል። በቴሌግራም ግሩፑ ጨዋታ ላይ ይተርት፤ በሰው ኮድ ስር አይተርት። ሜንቴነሩ የሚመዝንበት መስፈርትም አንድ ብቻ ይሁን፦ ዓረፍተ ነገሩ የሚናገረው ስለ ኮዱ ነው ወይስ ስለ ጻፈው ሰው?

በትርጉም ሥራ ላይ የሚመጣ ሌላም አለ። በእንግሊዝኛ ለዋናና ለተከታይ ሰርቨር ጌታና ባሪያ የሚሉ ቃላት ለረጅም ጊዜ ሲሠራባቸው ቆይቷል፤ ጃንጎ የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ እ.ኤ.አ. በ2014 ቃላቱን ከሰነዱ አውጥቷል። በእንግሊዝኛው ለብዙ ሰው የቴክኒክ ቃል ብቻ ሆኖ ሊሰማ ይችላል፤ በአማርኛ ግን ሁለተኛው ቃል ዛሬም ሰው የሚደማበት ስድብ ነው፤ ሜኑ ላይ የሚጻፍ አይደለም። ዋናና ተከታይ ወይም ዋናና ግልባጭ በቂ ነው። እንዲሁም የኪቦርዱን ፊደል «የአማርኛ ፊደል» ብቻ ብሎ መሰየም፣ ከዚያም ትግርኛ የሚጽፍ ሰው ቐ የለም ብሎ ኢሹ ሲከፍት «በአማርኛ አያስፈልግም» ብሎ መዝጋት ከጭቅጭቅ ሌላ ትርፍ የለውም። ፊደሉን የሚጋሩት ቋንቋዎች ብዙ ናቸው፤ «እስካሁን አልጨመርነውም፤ ለመጨመር የሚፈልግ ሰው ይህን ፋይል ይክፈት» ማለት ይቻላል።

ደንብ ተጥሶ አቤቱታ ሲመጣስ? መንዝ የጋራ ሀብትን በደንብ ለመጠበቅ እንግዳ አይደለም። የጓሳን የሣር ምድር ለዘመናት ያቆየው የቄሮ ሥርዓት (ስሙን ከቅርቡ የወጣቶች ንቅናቄ ጋር አታገናኙት) ሣሩን ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ የሚከፈትበት ጊዜ በይፋ ይነገራል፤ ጠባቂው ይታወቃል፤ የጣሰ ሰው ምን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ ያውቃል። ሥርዓቱ የተዳከመው ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ነው፤ ሣሩ የማን እንደሆነና ማን እንደሚዳኝ ሲደበላለቅ። ሪፖም እንዲሁ ነው። ቅጣቱ ከጥፋቱ በኋላ ከተፈለሰፈ ውሳኔው ትክክል ቢሆን እንኳ ቂም ይመስላል።

ደግሞ ሽምግልናን በቦታው ማዋል ያሻል። ሁለት ሰዎች በአሠራር ተጋጭተው ከሆነ ሽማግሌ ያስቀምጧቸው፤ አንተ ትብስ አንቺ ትብሽ ተባብለው ይጨርሱት። ነገር ግን አንድ ሜንቴነር ለአንዲት ወጣት ኮንትሪቢውተር (ኮድ አዋጪ) በሌሊት የማይገባ መልእክት ሲልክ ከሆነ ይህ የእኩዮች ግጭት አይደለም። ሽምግልና እዚህ ሲገባ ግፊቱ ሁሉ በተበደለችው ላይ ይወድቃል፦ «በቃ ይቅር በዪው፣ ልጁ ጥሩ ነው፣ ነገር አታክርሪ»። እሷ ይቅር ትላለች፤ በሚቀጥለው ወር ሪፖው ላይ የለችም። በእንዲህ ያለው ጉዳይ ማስታረቅ ሳይሆን መወሰን ነው የሚያስፈልገው፤ አጥፊውን ይቅር ማለት አለማለት የእሷ የግል ጉዳይ ነው፤ ውሳኔውን አያስቀረውም።

ወሳኞቹ ሦስት ሰዎች ይሁኑ። የአቤቱታ ኢሜይሉ ለሦስቱም የሚደርስ አንድ አድራሻ ሲሆን የሚፈጠረውን ስህተት ብዙዎች አያስቡትም፦ አቤቱታው በአንዱ ላይ ከሆነ ክሱን መጀመሪያ የሚያነበው ተከሳሹ ይሆናል። ስለዚህ ከጋራው አድራሻ ጎን የእያንዳንዳቸው የግል አድራሻ ይጻፍ። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ ዘመድ፣ አበልጅ፣ የክፍል ጓደኛ ወይም አለቃ የሆነ ወሳኝ ከጉዳዩ ይወጣል፤ በቦታው ከሌላ ፕሮጀክት፣ ቢቻል ከሌላ ከተማ፣ ሰው ይጠየቃል። በ48 ሰዓት ውስጥ «ደርሶናል» ይባል፤ በ14 ቀን ውስጥ ውሳኔ። መዝገቡ ቀኑን፣ ሊንኩን፣ የተባለውን ቃል በቃል፣ የተወሰነውን ይይዛል፤ ሪፖው ውስጥ ግን አይቀመጥም። ጊት (የኮዱን የለውጥ ታሪክ የሚይዘው ፕሮግራም) ላይ ፋይል ማጥፋት ታሪኩን አያጠፋውም፤ አንዴ የገባ ስም ሲቆፈር ይወጣል።

አቤት ባዩም የሚያውቀው ነገር ያስፈልገዋል። ቴሌግራም ላይ መልእክት ላኪው ከሁለቱም ወገን አጥፍቶት ሊሄድ ይችላል፤ መልስ ከመስጠት በፊት ቀኑና የተጠቃሚ ስሙ በሚታይበት ሁኔታ ስክሪንሾት መውሰድ ነው። ሜንቴነሩ በበኩሉ ጊትሃብ ላይ የተሳዳቢውን ኮመንት ከማጥፋት ይልቅ ቢሸፍነው ይሻላል፤ ማስረጃው ይቀራል፤ አላፊ አግዳሚውም ካልከፈተው አያነበውም። ክርክሩ ከጦፈ ኢሹውን መቆለፍ፣ ከውጭ ሰው ከጎረፈ ደግሞ ኮመንት የሚሰጡትን ቀድሞ ኮንትሪቢውት ባደረጉ ሰዎች መወሰን ይቻላል፤ ጊዜው ከ24 ሰዓት እስከ 6 ወር ነው። 24ቱ ብዙ ጊዜ በቂ ነው፤ ሰው አንድ ሌሊት ተኝቶ ሲነሳ ሌላ ሰው ነው።

የቅጣቱ መሰላል በኮቨናንቱ 2.0 ቨርዥን ላይ አራት እርከን አለው፦ እርማት፣ ማስጠንቀቂያ፣ ጊዜያዊ እገዳ፣ ዘላቂ እገዳ። እርማቱ በግል ይጻፍ፤ የተባለውን ቃል ጠቅሶ፣ ለምን እንዳልተገባ በአንድ ዓረፍተ ነገር። ከባድ ጥፋት ከታች ጀምሮ መውጣት የለበትም፤ ዛቻና የጾታ ትንኮሳ በቀጥታ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ ያርፋል። ጊዜያዊ እገዳ ላይ የሚረሳው የማብቂያው ቀን ነው። ጊትሃብ ላይ ድርጅቱ አንድን ሰው ለ1፣ ለ3፣ ለ7 ወይም ለ30 ቀን ማገድ ይችላል፤ ቀኑ ሲያልፍ በራሱ ይከፈታል። የቴሌግራሙ ግሩፕ ላይ ግን ቀን ሳይመርጡ ያገዱት ሰው እንደታገደ ይቀራል፤ ሰላሳኛው ቀን ላይ ሪፖው ክፍት ሆኖለት ግሩፑ ዝግ ይሆንበታል፤ እሱም ሆን ተብሎ ነው ብሎ ያስባል። እገዳውን የወሰነው ሰው የሁለቱንም ማብቂያ በስልኩ ላይ ያስመዝግብ፤ በዕለቱም «ዛሬ ተከፍቷል፤ የቀረው ፑል ሪኩዌስትህ መስመር 48 ላይ ነው» ብሎ ይጻፍለት።